አየሩን ተከተሉ፦ ባልቲሞር ያለችውን ሰርጓጅ መርከብ ቶርስክን በደንብ ለመጎብኘት

ባልቲሞር ወደብ ላይ፣ ከናሽናል አኳሪየም አጠገብ፣ አፍንጫዋ ላይ የሻርክ ጥርስ የተሳለባት አሮጌ ሰርጓጅ መርከብ ታስራ ቆማለች። ቶርስክ ትባላለች። ከዋሽንግተን አካባቢ የሚመጣው የእኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹን ዓሣ ሊያሳይ መጥቶ እሷን ከውጭ ፎቶ አንስቷት ያልፋል። የገባውም በአንድ ጫፍ ገብቶ በ15 ደቂቃ ውስጥ በሌላው ይወጣና «እንዴት ነበር?» ሲሉት «ቧንቧ በቧንቧ ነው» ይላል።

የመጀመሪያ ጊዜ የገባሁ ዕለት እኔም ያየሁት ቧንቧ ብቻ ነበር። ሁለተኛ የሄድኩት ግን በጃንሆይ ዘመን ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ጎረቤቴን ይዤ ነው። ጋሼ ሰርጓጅ ላይ ሠርተው አያውቁም፤ ኢትዮጵያም ሰርጓጅ ኖሯት አያውቅም። እሳቸው የነበሩት «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ነው። እሷም ቀድሞ ኦርካ ተብላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚገለገልባት መርከብ ነበረች፤ በ1962 ነው ወደ እኛ የመጣችው። (እዚህ የምጽፈው ቀንም ወርም ዓመትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ጋሼ መግቢያው ላይ ቆም ብለው ወደ ውስጥ አየት አደረጉና፣ «አንተ ልጅ፣ ቧንቧ አትቁጠር። አየሩ ከየት ገብቶ የት እንደሚደርስ ተከተል፤ የቀረው ሁሉ ለእሱ ሲባል የተሠራ ነው» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ይዤ ስሄድ የማስጎበኘው በዚህ መንገድ ነው።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ያህል ዕወቁ

ቶርስክ በ1944 ፖርትስማውዝ በተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ተሠራች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው፤ ውስጧ 80 የሚሆን ሰው ይኖር ነበር። ስሟ በኖርዌይ ቋንቋ ኮድ የሚባለው ዓሣ ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሁለት የጃፓን ጠረፍ ጠባቂ መርከቦችን አሰጠመች፤ በዚያ ጦርነት በቶርፔዶ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ራሱን እየነዳ ሄዶ በሚፈነዳ መሣሪያ፣ የሰጠሙ የመጨረሻዎቹ የጃፓን የጦር መርከቦች እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ብዙውን ዕድሜዋን በማሠልጠኛነት ቆይታ በ1964 ከአገልግሎት ወጣች፤ ባልቲሞር ያለችው ከ1972 ጀምሮ ነው። በዕድሜዋ ከ10,000 ጊዜ በላይ ጠልቃለች። ያንኑ ያህል ጊዜ መውጣቷን ልብ በሉ፤ ለባሕረኛ ዋናው ቁጥር እሱ ነው።

ትኬቱ ከሌሎቹ የወደቡ ታሪካዊ መርከቦች ጋር አብሮ ይሸጣል። ዋጋውንና የሥራ ሰዓቱን በዚያው ሳምንት አረጋግጡ፤ አሮጌ መርከብ ናትና አንዳንዴ ለጥገና ትዘጋለች። ከዲሲ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ከባዱ የመኪና ማቆሚያው ዋጋ ነው። በሥራ ቀን ከሆነ ከዩኒየን ስቴሽን የሚነሳው የማርክ ባቡር ካምደን መስመር እስከ ካምደን ጣቢያ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወደቡ በእግር ነው። ይህ መስመር ቅዳሜና እሑድ አይሠራም።

በበጋ ከሄዳችሁ ጠዋት ግቡ። ብረት ናት፤ ከሰዓት በኋላ ውስጧ እንደ ምጣድ ነው።

2. አለባበስና በር አሻገር

ሱሪ፣ ጠፍጣፋ ጫማ፣ ባዶ እጅ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሀበሻ ቀሚስ የመጡ እናት አይቼ ነበር፤ ደረጃው ላይ ነጠላቸው ቫልቭ እጀታ ይዞ ቀረና ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ሁሉ ቆመ።

መግቢያው ቀጥ ያለ ደረጃ ነው። ክፍሎቹን የሚለያዩት በሮች ደግሞ በር ከማለት ቀዳዳ ማለት ይቀላል፦ እንደ እንቁላል ሞላላ፣ ደፋቸው ወደ ጉልበት የሚደርስ፣ አናታቸው ዝቅ ያለ። የሚታለፈው እንዲህ ነው። ከበሩ በላይ ያለውን ብረት በሁለት እጅ ያዙ። አንድ እግር አሻግሩ። ጎንበስ ብላችሁ ወገባችሁን አሳልፉ። ጭንቅላት መጨረሻ ነው፤ ሁለተኛው እግር መሬት ሳይረግጥ ቀና አትበሉ። ሰው ሁሉ የሚመታው «አለፍኩ» ብሎ ቀና ሲል ነው። ጋሼ ራሳቸው ሦስተኛው በር ላይ ተመቱ፤ ከዚያ ወዲያ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

ሕፃን አዝላችሁ አትግቡ። እናንተ ጎንበስ ስትሉ የልጁ ጭንቅላት ከእናንተ በላይ ይሆናል፣ ብረቱ ደግሞ አይሳሳም። ጉልበት ወይም ወገብ የሚያማቸው፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ውጭ ቢጠብቁ ይሻላል። መሃል ላይ ሐሳብ መቀየር የሚቻል አይመስለኝም፤ ከኋላ ሰው አለ።

3. ሳትገቡ ከውጭ ቆማችሁ አንድ ነገር እዩ

ጎኗ ላይ፣ ከውሃው በላይ፣ ረድፍ የያዙ ቀዳዳዎች አሉ። ልጆች «ተቀድዳ ነው?» ይላሉ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። የምታዩት ውጨኛውን ቅርፊት ነው። ሰው የሚኖርበት፣ የውሃ ግፊት የሚችለው ወፍራሙ ቅርፊት ከውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ትልልቅ ታንኮች አሉ።

አሠራሩን ለልጅ ለማስረዳት ቢጫ ጀሪካን ይበቃል። ባዶ ጀሪካን አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በርሜል ውሃ ውስጥ ብትጫኑት ይታገላችኋል፤ ውስጡ ያለው አየር መውጫ የለውማ። አሁን ከላይ፣ ቂጡ ላይ፣ በሚስማር ብትበሱት አየሩ ፉጨት እያሰማ ይወጣል፣ ውሃው ከታች ይገባል፣ ጀሪካኑም ይሰምጣል። የሰርጓጅ ታንክ ከታች ውሃ ማስገቢያ አለው፣ ከላይ መተንፈሻ ቫልቭ አለው። ለመጥለቅ የላይኛውን መክፈት ነው። ለመውጣት የላይኛውን ዘግቶ የታመቀ አየር ወደ ታንኩ መልቀቅ፤ አየሩ ውሃውን በመጣበት በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። ስለዚህ ቶርስክ የምትሰምጠው አየር ስታጣ ነው፤ የምትነሳው ደግሞ አስቀድማ በጠርሙስ ያጠራቀመችው አየር ሲኖራት ነው። የዚያ አየር ግፊት ከምንተነፍሰው አየር 200 እጥፍ ገደማ ነው።

ይህን ከያዛችሁ ግቡ። እኔ ከኋላ ወደ ፊት እሄዳለሁ፤ እናንተን በሌላው ጫፍ ካስገቧችሁ ከታች ወደ ላይ አንብቡት።

4. የኋላው ቶርፔዶ ክፍል

አራት ቱቦ ነው፤ ከፊት ደግሞ ስድስት አለ። ቶርፔዶውን ከቱቦው የሚተኩሰው ባሩድ አይደለም፣ የታመቀ አየር ነው። እዚህ ላይ ብልሃት አለ፦ አየሩ ቶርፔዶውን ተከትሎ ቢወጣ ባሕሩ ላይ ትልቅ አረፋ ሆኖ ይታያል፣ ጠላትም «እዚያ ናቸው» ይላል። ስለዚህ ቶርፔዶው ሊወጣ ሲል አየሩ በሌላ ቫልቭ ተመልሶ ወደ መርከቧ ውስጥ ይገባል። ሰዎቹ የተኮሱበትን አየር መልሰው ይተነፍሱታል ማለት ነው።

አልጋዎቹን አትዝለሉ። ሰው ከቶርፔዶ ጋር ነው የሚተኛው፣ ከበላዩም ከጎኑም።

5. የመቆጣጠሪያ ማንሻዎቹን አልፋችሁ ሞተሮቹ ጋ ቁሙ

ቀጥሎ ያለው ጠባብ ክፍል የኤሌክትሪክ ኃይሉ የሚታዘዝበት ነው። ብዙ ማንሻ ታያላችሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ የናፍጣ ሞተሮቹ ከፕሮፔለሩ ጋር በብረት አልተያያዙም። ናፍጣው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ውሃ ሥር ስትሆን ናፍጣው ይጠፋና ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ይመጣል።

ለምን ይጠፋል? አየር ስለሚበላ። አሁን የምትገቡባቸው ሁለቱ የሞተር ክፍሎች የመርከቧ ሆዳሞች ናቸው። አራት ሞተር፣ እያንዳንዱ 1,600 የፈረስ ጉልበት። እያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተን አለ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች መጥተው መሃል ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ነዳጁ የሚቃጠለው በመካከላቸው ነው። የመኪና ሞተር ፈትታችሁ የምታውቁ ከሆነ እዚህ አሥር ደቂቃ ስጡት። ጋሼ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ቆዩ፣ መዳፋቸውንም አሸተቱ። መርከቧ ሞተሯን ካጠፋች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏታል፤ የናፍጣ ሽታዋ ግን አልለቀቃትም።

ወደ ጣሪያው እዩ። ለሞተሮቹ አየር የሚያስገባው ቱቦ የሰው ወገብ ያህል ነው፣ የሚዘጋውም አንድ ትልቅ ቫልቭ ነው። መርከቧ ልትጠልቅ ስትል ሞተር ይጠፋል፣ ይህ ቫልቭ ይዘጋል። ካልተዘጋስ? በግንቦት 1939 እዚያው ፖርትስማውዝ የተሠራች ስኳለስ የምትባል አዲስ ሰርጓጅ ለሙከራ ስትጠልቅ ይህ የአየር ቫልቭ ክፍት ሆነ። ውሃው የገባው በሞተር ክፍሎቹ በኩል ነበር። 26 ሰዎች ሞቱ፤ ከፊት በኩል የነበሩት 33ቱ 74 ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀምጠው ቆዩና ከላይ በተላከ የማዳኛ ክፍል በአራት ምልልስ ወጡ። የሚለያየውን በር በኃይል ስቦ የዘጋ ሰው ባይኖር እነሱም አይተርፉም ነበር። እናንተ ጭንቅላታችሁን የመታችሁ በር እንደዚያው ያለ ነው።

በ1952 ቶርስክ ስኖርክል ተገጠመላት፤ ከውሃው ጥቂት ብቅ የሚል የአየር መሳቢያ ቱቦ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሥር ሆና ናፍጣ ማስነሳት ቻለች። ጣጣ ግን አለው። ማዕበል ቱቦውን ሲሸፍነው አናቱ ላይ ያለው ቫልቭ ይዘጋል፤ ሞተሩ ግን ረሃቡን አይረሳም፣ ያለውን አየር ከመርከቧ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። የተኛ ሰው ጆሮው ድፍን ብሎ ይነቃል። ቫልቩ ሲከፈት ደግሞ ጆሮ ይለቀቃል። ማዕበል ባለበት ሌሊት ይህ ሲመላለስ ያድር ነበር።

6. ማድ ቤቱ፣ አልጋዎቹና ያ ነገር

ማድ ቤቱን ስታዩ በጣም ጠባብ የተከራያችሁት ክፍል ትዝ ይላችኋል። በዚያች ቦታ ለ80 ሰው በቀን ሦስቴ ይበሰላል። የሰርጓጅ ምግብ ከባሕር ኃይሉ ሁሉ የተሻለ ነው ይባል ነበር፤ ቡና አይቋረጥም።

እግራችሁ ሥር ባትሪዎች አሉ። በሁለት ክፍል ተከፍለው 252 ናቸው፤ የአንዱ ክብደት ከ700 ኪሎ ይበልጣል። እዚህም አየሩ አለ፦ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፣ ሃይድሮጂን ከተጠራቀመ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ያለማቋረጥ በነፋስ መሳቢያ ይጠረጋል። የባሕር ውሃ ባትሪው ውስጥ ከገባ ደግሞ የሚወጣው ክሎሪን ነው፣ እሱም ይገድላል። ሰው እላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ካርታ ይጫወታል።

ልጆች ከሁሉ የሚወዱት መጸዳጃውን ነው። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቫልቮችና ማንሻዎች ቁጠሩ። ጥልቀት ውስጥ የውጭው ውሃ ግፊት ስላለ ቆሻሻ በራሱ አይወርድም፤ በታመቀ አየር መገፋት አለበት። ቫልቮቹ በቅደም ተከተል ነው የሚከፈቱትና የሚዘጉት። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው የላከው ተመልሶ ፊቱ ላይ ነበር። ይህን ስነግራቸው አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እስኪወጣ ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

7. መቆጣጠሪያ ክፍሉ፦ እዚህ አትቸኩሉ

የመርከቧ እምብርት ይህ ነው። ሁለት ትልልቅ መሪ ጎማዎች አሉ፤ ጎንና ጎን የሚያዞሩ እንዳይመስሏችሁ፣ አፍንጫና ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘነብሉ ናቸው። ውሃ ሥር ሆኖ ላዩን ወደሚያዩበት መነጽር፣ ወደ ፔሪስኮፑ ክፍል የሚወስደው መሰላል ከላይ ነው።

ከዚያ ቀይና አረንጓዴ መብራት የተደረደረበትን ሰሌዳ ፈልጉ። ባሕረኞቹ «የገና ዛፍ» ይሉታል። እያንዳንዱ መብራት ከመርከቧ አካል አንድ ቀዳዳ ነው፦ መግቢያው፣ የሞተሩ አየር ቫልቭ፣ ጭስ ማውጫው። ክፍት ከሆነ ቀይ፣ ዝግ ከሆነ አረንጓዴ። «ጥለቅ» ሲባል ሰሌዳው ሁሉ አረንጓዴ እስኪሆን ይታያል። ሁሉም የሚያልቀው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው።

መብራቱ ግን ብቻውን አይታመንም። ከታመቀው አየር ትንሽ ወደ ሰዉ ክፍል ይለቁና ባሮሜትሩን ያያሉ። መርፌው ከፍ ብሎ ከቆመ የሚያፈስ ቀዳዳ የለም። ከወረደ አየሩ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፤ አየር በወጣበት ውሃ ይገባል። የተነፋ ኳስ ስትገዙ ጨመቅ አድርጋችሁ ጆሯችሁ ጋ እንደምታስጠጉት ማለት ነው። የኳሱ ውስጥ ያሉት ግን እነሱ ናቸው።

ክፍሉ ባዶ ከሆነ ልጆቹን ሥራ ስጧቸው። አንዱ መብራት ይቁጠር፣ አንዱ የጥልቀት ጌጁን ያንብብ፣ አንዱ ትእዛዙን ይድገም። ትእዛዝ የሰማ ሰው ቃሉን መልሶ መድገሙ እዚያ ሕግ ነው።

8. የሚተነፈሰውን አየር አስቡበት

ወደ መኮንኖቹ መኝታ ስትሻገሩ ቆም በሉና ተንፍሱ። 80 ሰው፣ ዝግ ብረት ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ። አየሩ እየከበደ ሲሄድ ራስ ያማል፣ ክብሪት አልነድ ይላል። የተቃጠለውን አየር የሚመጥ ዱቄት አልጋ ላይ ይበትኑ ነበር፣ ከጠርሙስም ኦክስጅን ይለቁ ነበር። የአየር ማቀዝቀዣም ነበራቸው፤ የአሜሪካኖቹ ፍሪዮን በሚባል ጋዝ ነው የሚሠራው።

የጋዙን ዓይነት ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘችበት ሰሞን የሠራቻቸውን አንድ ዓይነት ሰርጓጆች አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ መቀሌ እያለች ሰይማቸው ነበር። በ1940 ጦርነት ስትገባ ምጽዋ ላይ ስምንት ሰርጓጆች ነበሯት፤ አንዷ «መቀሌ» ናት። የእነዚህ ማቀዝቀዣ የሚሠራው ሜቲል ክሎራይድ በሚባል መርዛም ጋዝ ነበር። ሽታው እምብዛም አያስታውቅም። በሰኔ ወር፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ ጉዞዋ ላይ፣ «መቀሌ» ውስጥ ጋዙ ሾለከ። ሰዎቹ ተመረዙ፣ አእምሯቸውን ሳቱ፣ መንገዳቸውን መያዝ አቃታቸው፤ መርከቧ ሱዳን ዳርቻ ካለች ባር ሙሳ ከቢር ከምትባል ደሴት ጋር ተላትማ ቀረች። ጠላት አንድ ጥይት ሳይተኩስባት።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው የያዛቸው ግን ስሙ ነው። «አድዋ ብለው? እነሱ?» አሉና ብቻቸውን ሳቁ።

9. የፊተኛው ክፍልና መውጫው

ስድስቱን ቱቦ አይታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ያለውን የማምለጫ ክፍል ፈልጉ፤ ጥቂት ሰው ተጠጋግቶ የሚቆምበት የብረት በርሜል ይመስላል። መርከቧ ሰምጣ ባሕሩ ወለል ላይ ከተቀመጠች ሰዎች እዚያ ገብተው የታችኛውን በር ይዘጋሉ። ከዚያ ውሃ ያስገባሉ፣ የውስጡ ግፊት ከውጭው እኩል እስኪሆን። እኩል ካልሆነ የውጭው በር በማንም ጉልበት አይከፈትም። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ አናታቸው አካባቢ የምትቀረው የአየር ኪስ ናት የመጨረሻዋ ትንፋሽ፤ ከእሷ ስበው ነው የሚወጡት። የተከተላችሁት አየር እዚህ ድረስ አምጥቷችኋል።

10. ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋገሩ

እንዲህ ባሉ መርከቦች ላይ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ አዛውንቶች ታገኙ ይሆናል፣ ብዙዎቹም የቀድሞ ባሕረኞች ናቸው። ኮታቸው ወይም ቆባቸው ላይ ሁለት ዶልፊን ያለበት ምልክት ካያችሁ ሰውዬው ሰርጓጅ ላይ የሠራ ነው። ምልክቱ በቆይታ ብቻ አይሰጥም፤ አዲስ ገቢ የአየሩን፣ የውሃውን፣ የነዳጁን፣ የኤሌክትሪኩን መስመር ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎ በቃሉ ማስረዳት አለበት። ምግብ አብሳዩም ቢሆን።

«ሰው ስንት ገደላችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የትኛዋ ላይ ነበሩ?» በሉ። መርከብ አይሏትም፣ «ጀልባ» ነው የሚሏት፤ እናንተም እንደዚያ ካላችኋት ፊታቸው ይፈታል። ቀጥሎ «ክፍልዎ የቱ ነበር?» በሉና ዝም በሉ።

ጋሼ ሲወጡ አንድ እንደዚህ ያሉ አዛውንት አገኙ። ጋሼ እንግሊዝኛቸው ቆየት ያለ ነው፤ የባሕር ቃላቱ ግን አንድም አልጠፋባቸውም። ሰውየው የሞተር ክፍል ሰው ነበሩና ሙቀቱን እያነሱ ማማረር ጀመሩ። ጋሼ ጨርሰው አዳመጧቸው። ከዚያ፣ «ምጽዋ ላይ እኛ ከሞተር ክፍል ወደ ላይ ስንወጣ ነበር የሚሞቀን» አሏቸው። ሰውየው ወንበር ሳቡላቸው።

ለጉብኝቱ አንድ ሰዓት ይበቃል ብዬ ነበር መኪናውን ያቆምኩት። እናንተ ሦስት ሰዓት ክፈሉ።